የምንተነፍሰው አየር የት ይደርሳል?

በሳይንስ ክበብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የሰው አተነፋፈስና የሕዋስ እስትንፋስ» የሚል ነው። ርእሱን የመረጠልን የክበቡ ኮሚቴ ሲሆን፥ እኛም ስንቀበለው በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሳንባን በግራ፥ ሕዋስን በቀኝ ሥለን፥ በመካከላቸው አንድ ቀስት አስምረን ለመውረድ አስበን ነበር። ነገር ግን እሺ ካልን በኋላ በራሳችን ላይ አንድ ነገር ስለ ደረሰብን፥ ንግግራችንን ከሳንባ ሳይሆን ከከሰል ማንደጃ ለመጀመር ተገደናል።

እኛ ሦስት ተማሪዎች በአንድ የኪራይ ክፍል አብረን እንኖራለን። ክፍሉ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ነው፤ አንድ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት አለው። ባለፈው ሰኔ ማለቂያ ላይ የመጨረሻውን የባዮሎጂ ፈተና የተፈተንን ዕለት፥ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን የሚገድለው እንዴት ነው?» የሚል ነበር። ሦስታችንም አሳምረን መለስን፤ በኋላም ማርኩ ሲወጣ በዚህ ጥያቄ አንዳችንም አልተቀነሰብንም። በዚያው ቀን ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ፈተና ጨርሰናልና ከደጅ በረንዳው ላይ ቡና አፈላን። ከዚያም ማንደጃው በፍም ተሞልቶ ሲቀላ፥ አንዲትም የጭስ ክር የማይወጣው መሆኑን አይተን ወደ ክፍላችን አስገባነው። በበሩ ሥር ብርድ እንዳይገባ አሮጌ ጆንያ ወተፍን፤ ተኛን።

ሌሊት ላይ ከመካከላችን አንዱ ራሱን ለሁለት የሚፈልጥ ሕመም ቀሰቀሰው። ወደ ደጅ ልውጣ ብሎ ሲነሣ ጉልበቱ አልታዘዝ አለውና በውኃ ባልዲው ላይ ወደቀ። ሁለታችን ግን ባልዲው ሲንኳኳ እንኳ አልነቃንም። የነቁት ከግድግዳው ማዶ የሚተኙት የቤቱ ባለቤት እማማ ናቸው።

«ልጆች! ምንድን ነው የወደቀው?» ብለው ተጣሩ። መልስ ሲያጡ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ፤ በእግርና በእጃችን እየጎተቱ ወደ ዝናቡ አወጡን። ሎሚ ቆርጠው በአፍንጫችን ላይ ይዘው፥

«ጥቁሩ ሳይነድ አስገባችሁት አይደል?» አሉን።

«የለም እማማ፤ ፍም ብቻ ነበር።»

«ፍም እንዴት ሰው ይገድላል? ደግሞስ የታነቀ ሰው እንኳ ይወራጫል፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ተኝታችሁ ልትቀሩ?»

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በፈተናው ወረቀት ላይ አልነበሩም። እማማ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሲሆኑ፥ የጠየቁን ግን በፈተናው ከተጠየቅነው ጠልቆ የሚሄድ ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ለእርሳቸው ለመመለስ የሞከርነው ነው።

በመጀመሪያው እንጀምር፤ ፍም እንዴት ይገድላል?

ከሰል ከሞላ ጎደል ካርቦን ነው። በማንደጃው ሥር ባለው ቀዳዳ የሚገባው አየር በመጀመሪያ የሚያገኘውን ፍም ሲያነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ በተከመረው የቀላ ፍም መካከል ማለፍ አለበት። የቀላ ካርቦን ደግሞ ኦክሲጅን የራበው ነገር ስለ ሆነ፥ ከሚያልፈው ጋዝ ላይ አንዱን ኦክሲጅን ይነጥቀዋል። ስለዚህ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አንድ ካርቦን ተገናኝተው ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወልዳሉ። በፍም አናት ላይ አንዳንድ ጊዜ ስትጨፍር የምናያት ሰማያዊት ነበልባል ይኸው ካርቦን ሞኖክሳይድ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው። ነበልባሊቱ ጠፍታ ፍሙ አመድ ሲለብስ፥ እኛ «አሁን ጥሩ ሆነ» የምንለው ጊዜ፥ ጋዙ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይፈስሳል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም።

ጥቁሩ ከሰል የሚያጨሰው በውስጡ ደኅና ሆኖ ያልከሰለ የእንጨት ቅሪት ስላለው ነው። ያ ጭስ ያስላል፥ ዓይን ያስለቅሳል፥ ሰውን ከቤት ያስወጣል። ስለዚህ «ጥቁሩ ይንደድና ይግባ» የሚለው የየቤታችን ጥንቃቄ፥ ምስክሩን አስወጥቶ ወንጀለኛውን እንደ ማስገባት ያለ ነው። ፍሙ እስከ ነደደ ድረስ መርዙ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ረጅም መንገድ ያስኬደናል። እስትንፋስ ምን እንደ ሆነ ሳናውቅ ሰው ሳይወራጭ እንዴት እንደሚሞት ልናውቅ አንችልምና።

የአንጥረኛ ወናፍ አይታችኋል። ወናፉ አየር የሚስበው ሲከፈት ነው፤ ማንም አየሩን ከውጭ ገፍቶ አያስገባለትም። ደረታችንም እንዲሁ ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ዲያፍራም የሚባለው ጡንቻ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፥ የጎድን አጥንቶች ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሣሉ፥ በደረት ውስጥ ያለው ቦታ ይሰፋል፥ አየሩም ራሱ ይገባል። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 16 ጊዜ፥ በእያንዳንዱም ግማሽ ሊትር ያህል ይስባል። ከዚህም ግማሽ ሊትር ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ከአፍንጫና ከጉሮሮ፥ ከአየር ቧንቧዎቹም ሳያልፍ ተመልሶ ይወጣል። የቀረው ወደ ሳንባ ከረጢቶች ይደርሳል። እነዚህ ከረጢቶች ቁጥራቸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ነው፤ ቢዘረጉ ወደ 70 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። የኛን የኪራይ ክፍል አምስት እጥፍ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ወለል ሰው በደረቱ ውስጥ አጥፎ ይዞ ይዞራል።

የምንስበው አየር ከመቶው 21 እጁ ኦክሲጅን ነው፤ የምናስወጣው ግን 16 ያህል ኦክሲጅንና 4 ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት። አብዛኛው ኦክሲጅን ሳይነካ ተመልሶ እንደሚወጣ ልብ በሉ። መተንፈስ ላቃተው ሰው በአፍ አየር ብንሰጠው ሊድን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጠፋው አምስት እጅ ወዴት ሄደ? ለዚህ ጥያቄ በሚዛን የተደገፈ መልስ ካቀረቡት አንዱ ፈረንሳዊው ላቮአዚዬ ነው። እርሱና ላፕላስ በ1782 እና በ1783 (እ.ኤ.አ.) በነበረው ክረምት አንድ ጊኒ ፒግ የምትባል ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፥ በሰውነቷ ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንደሚቀልጥና ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደምታስወጣ ለኩ። ከዚያ በዚያው ዓይነት ዕቃ ውስጥ ያነደዱት ምን ይመስላችኋል? ከሰል ነው። ሁለቱ ልኮች ስለ ተቀራረቡ፥ እስትንፋስ ማለት ነበልባል የሌለው ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው ብለው ፈረዱ። ያች ሌሊት በክፍላችን ውስጥ አራት ማንደጃዎች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ የሸክላ፥ ሦስቱ የሥጋ።

ላቮአዚዬ ግብር ሰብሳቢ ማኅበር ውስጥ ስለ ነበረ በ1794 (እ.ኤ.አ.) በአብዮቱ ጊዜ አንገቱ ተቈረጠ። ደግሞም አንድ ስሕተት ትቶልን ሄዷል። ቃጠሎው የሚካሄደው በሳንባ ውስጥ ይመስለው ነበር። ይህን ስሕተት የሳይንስ ሊቃውንት ለማስተካከል የሚቀጥለው ምዕተ ዓመት አስፈልጓቸዋል። ሳንባ በር ብቻ ነው፤ እሳቱ ያለው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ነው። ከበሩ እስከ እሳቱ ያለውን መንገድ የሚያመላልሰው ደም ነው። የእማማ ጥያቄ መልስም በዚህ በመንገዱ ላይ ይገኛል።

እስቲ አሁን ሁላችሁም ትንፋሻችሁን ያዙ። (ጥቂት ጊዜ እንጠብቃለን።)

ይበቃል፤ ልቀቁ። «ተንፍስ! ተንፍስ!» እያለ ያስጨነቃችሁ ነገር ምንድን ነው? ብዙዎቻችሁ የኦክሲጅን ማነስ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ኦክሲጅናችሁ የሚያሰጋ ያህል አልጎደለም። የጮኸው ደወል በደም ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሆልዴንና ፕሪስትሊ የሚባሉት እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት በ1905 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፥ የዘወትር አተነፋፈሳችንን የሚመራው የዚህ ጋዝ ልክ ነው። ጋዙ ሲበዛ ደሙና በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ በትንሹ ይኮመጥጣሉ፤ ከአንጎል ሥር ያለው የእስትንፋስ ማዘዣም ያንን አውቆ ደረቱን ያስቸኩለዋል።

የታነቀ ሰው የሚወራጨው ስለዚህ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውጫ አጥቶ ደወሉ ይጮኽበታል። በከሰል ጋዝ የተመታ ሰው ግን ደረቱ እንደ ወትሮው ይከፈታል፥ ይዘጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንደ ወትሮው ይወጣል፤ ደወሉም ዝም ይላል።

«ኦክሲጅን ሲያንስ የሚጮኽ ሌላ ደወል የለምን?» የሚል ጓደኛ ይኖራል። አለ። በአንገታችን ግራና ቀኝ ካሉት ትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ ይገኛል። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ደወል የሚለካው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ያለውን የኦክሲጅን ግፊት ነው። ያ ደግሞ ከሳንባው አየር ጋር የሚስተካከል ስለ ሆነ፥ መርዙ እያለም እምብዛም አይለወጥም። ይህ ሟሙቶ የሚገኘው ኦክሲጅን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን 20 ሚሊ ሊትር ያህል ተሸክሞ የሚሄደው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ዘበኛው ጥቂቱን ቆጥሮ ስለ ብዙው ይመሰክራል። በሌላ ጊዜ ይህ ዘዴ በደኅና ይሠራል፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ ጊዜ ግን ዘበኛው «ሁሉ ደኅና ነው» እያለ ጎተራው ይራቈታል።

ሄሞግሎቢን አራት ብረት ያላቸው ቦታዎች አሉት፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ ኦክሲጅን ይሳፈራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በነዚሁ ቦታዎች ይቀመጣል። በፈተናው ላይ «ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል» ብለን ጽፈን ነበር። ያን ስንጽፍ ግን ቁጥሩ ስለ ክፍላችን ምን እንደሚል አላሰላነውም። አሁን እናስላው። በክፍሉ አየር ውስጥ ከሺሁ አንድ እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ እንበል። ኦክሲጅኑ ከሺሁ 210 እጅ ነው። ኦክሲጅን በቁጥር 210 ጊዜ ይበልጣል፤ መርዙ በአያያዝ ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱ ይተካከላሉ። በዚያ አየር ውስጥ በቂ ሰዓት የቈየ ሰው ከሄሞግሎቢኑ ግማሽ ያህሉ በመርዝ ተይዟል። ከሺሁ አንድ! ይህን ሒሳብ በሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል፤ እኛ ግን በተመላበት ክፍል ተኛን።

በዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። በደም ማነስ ምክንያት ሄሞግሎቢኑ በግማሽ የቀነሰ ሰው ይደክመዋል እንጂ ቆሞ ይሄዳል። በካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሹ የተያዘበት ሰው ግን ይወድቃል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከአራቱ ቦታዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ መርዙ ሲቀመጥ፥ የቀሩት ቦታዎች የያዙትን ኦክሲጅን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ጡንቻውና አንጎሉ ዘንድ ሲደርሱም አይለቁም። መኪናው ግማሽ ጭነት ይዞ ገበያው ይደርሳል፤ ግን አያራግፍም።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። የደጋው ሰው ይህን ችሎ ይኖራል። ማሞ ወልዴ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲም ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የሲንቲያ ቢልና የጓደኞቿ ጥናት ደግሞ፥ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ በአምባራስ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢናቸው ልክና የደማቸው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። በደቡብ አሜሪካው አንዲስ ተራራ የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው በጣም ይበዛል። ይህ የሚያኰራ ነገር ነው። ነገር ግን ከከሰል ጋዝ የሚያድን አንዳች ነገር የለበትም። እንዲያውም በከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ከሳንባው አየር ጀምሮ የመጠባበቂያ ትርፉ ያነሰ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ ደርሰናል። ደሙ ኦክሲጅን ቢያራግፍ ኖሮ ሕዋሱ ምን ያደርግበት ነበር?

በሕዋስ ውስጥ ያለው ቃጠሎ እንደ ማንደጃው በአንድ ጊዜ ቦግ አይልም። ቢልማ ኖሮ ሕዋሱ አመድ በሆነ ነበር። ከበላነው እንጀራ የተገኘው ግሉኮስ በመጀመሪያ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ይህ ሥራ ኦክሲጅን አያስፈልገውም፤ ትርፉም ኤ.ቲ.ፒ. ከሚባለው የሕዋስ ገንዘብ ሁለት ብቻ ነው። በጠላ ጋን ውስጥ ያለው እርሾ አየር ሲያጣ በዚሁ በሁለቱ ይኖራል፤ የተረፈውንም አልኮል አድርጎ ይተውልናል። እርሾ በዚህ ይኖራል፤ የሰው አንጎል ግን አይኖርም።

የሚቀረው ሥራ የሚካሄደው ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ ነው። ክሬብስ በ1937 (እ.ኤ.አ.) በገለጸው ዙር ላይ፥ ካርቦኑ አንድ በአንድ ተለይቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውን እናርም። የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን የተነፈስነው ኦክሲጅን አይደለም፤ ከምግቡና ከውኃ የመጣ ነው። የተነፈስነው ኦክሲጅንማ መጨረሻ ላይ ውኃ ነው የሚሆነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምግቡ የተወሰዱት ኤሌክትሮኖች በማይቶኮንድሪያ ሽፋን ላይ በተደረደሩ ፕሮቲኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይወርዳሉ። ሲወርዱ በሚገኘው ጉልበት ፕሮቶን የሚባሉት የሃይድሮጅን ቅንጣቶች ወደ ሽፋኑ ማዶ ይገፋሉ። የተገፉትም ከግድብ በላይ እንደ ተጠራቀመ ውኃ ሆነው፥ በአንድ ጠባብ በር ሲመለሱ እንደ ውኃ ወፍጮ የሚሽከረከር ኤንዛይም ያዞራሉ። የሚፈጨውም ዱቄት ኤ.ቲ.ፒ. ነው። ሚቸል ይህን ሐሳብ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከአንድ ግሉኮስ በጠቅላላው 30 ያህል ኤ.ቲ.ፒ. ይገኛል፤ ከእርሾው ሁለት ጋር አስተያዩት። ሰውነታችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ኤ.ቲ.ፒ. ከመቶ ግራም የማይበልጥ ሲሆን፥ በቀን ውስጥ እየተሰበረና እየተጠገነ የሚዞረው ከራሳችን ክብደት ጋር የሚወዳደር ነው። ስለዚህ የሚቀመጥ ስንቅ የለም። ወፍጮው ከቆመ ቤቱ ወዲያው ይራባል።

ኦክሲጅን የቆመው በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው። የወረዱትን ኤሌክትሮኖች ተቀብሎ ከፕሮቶን ጋር ውኃ ይሆናል። እርሱ ከሌለ ኤሌክትሮኖቹ የሚሄዱበት ስለሚያጡ ወረፋው እስከ ላይ ድረስ ይቆማል፤ ወፍጮውም ይቆማል። ሰው ዕድሜ ልኩን ደረቱን የሚከፍትና የሚዘጋው ለዚህች አንዲት የመጨረሻ ቦታ ተረካቢ ለማቅረብ ነው። በዚህችም ቦታ ላይ ብረት ያለው ኤንዛይም አለ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም በዚህ ብረት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዋርቡርግ የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ የዚህን ኤንዛይም ጠባይ የተረዳው እስትንፋሳቸውን በካርቦን ሞኖክሳይድ ባገዳቸው ሕዋሳት ላይ ብርሃን በማብራት ነው። ብርሃኑ መርዙን ከብረቱ ላይ ሲያላቅቀው ሕዋሳቱ እንደገና ይተነፍሳሉ። በ1931 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ያገኘው በዚህ ኤንዛይም ላይ ባደረገው ሥራ ነው። እኛን ሊገድለን የነበረው ነገር ለእርሱ መመርመሪያ መሣሪያ ሆነለት።

እንግዲህ ኤ.ቲ.ፒ. ሲያልቅ ቀድመው የሚጎዱት ብዙ የሚፈጁት አንጎልና ልብ ናቸው። ራስ ያማል፥ ያጥወለውላል፥ ማስተዋል ይደበዝዛል፥ ጉልበት ይከዳል። ያ ሆልዴን ራሱ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካርቦን ሞኖክሳይድ በፈቃዱ እየተነፈሰ በራሱ ላይ የሚደርሰውን ይመዘግብ ነበር፤ በማዕድን ጉድጓድም ትንንሽ እንስሳት ቀድመው እንዲያስጠነቅቁ ይዘው እንዲገቡ መክሯል። በእንግሊዝ አገር ካናሪ የምትባለው ወፍ እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከማዕድን ሠራተኞች ጋር ስትወርድ ነበር። በእኛ ክፍል ግን ወፍ አልነበረም፤ የነበረው ባልዲ ነው።

ስለ ሎሚው እማማን ላለማሳዘን ብለን ብዙ አልተናገርንም። ነገር ግን እዚህ መምህራኖቻችን ፊት ስለ ሆንን እውነቱን እንናገር። ሎሚ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከሄሞግሎቢን ላይ አያነሣም፤ ወተትም አያነሣም። ያዳነን እማማ በሩን መክፈታቸውና ወደ ደጅ መጎተታቸው ነው። መርዙን ከቦታው ሊያስለቅቅ የሚችለው ኦክሲጅን ብቻ ነው፤ እርሱም በብዛትና በጊዜ። በተራ አየር ውስጥ ከደሙ ያለው መርዝ በግማሽ እስኪቀንስ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። ሆልዴን በ1895 (እ.ኤ.አ.) ሄሞግሎቢኗ በመርዝ የተያዘባትን አይጥ በሁለት አትሞስፌር ግፊት ኦክሲጅን ውስጥ አኑሮ በሕይወት አቈይቷታል። ያ በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጥቂት ኦክሲጅን በግፊት ሲበዛ ብቻውን ሊያኖራት ቻለ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰው ሲመታ አይታችሁ እንደ ሆነ፥ በሩን ከፍታችሁ መጀመሪያ አውጡት፤ ስትገቡ ራሳችሁ እንዳትቈዩበት። ከዚያ ሎሚ ከመፈለግ መኪና ፈልጉና ኦክሲጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት አድርሱት፤ «ከሰል ነበረ» ብላችሁም ንገሩ። ይህን የምንለው በጣት ላይ የሚደረገው ተራው የኦክሲጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ቀይ ደም ኦክሲጅን ከያዘው ለይቶ ስለማያውቀው ነው። እኛም በማግሥቱ ስንታይ መለኪያው «ደኅና ናችሁ» ብሎን ነበር። ደግሞ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ከቤት ሲወጡም ቢሻላቸው፥ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለእማማ በቡና ላይ አስረዳናቸው። ሄሞግሎቢንን «በደም ውስጥ ያለ ተሸካሚ» አልናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድን «ሽታ የሌለው የፍም ትንፋሽ» አልናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና፥

«እንግዲያው ጭሱ ይሻለን ነበራ! እሱ እንኳ ያስነጥሳል» አሉ። ቀጥለውም፥ «ይኸን ሁሉ ከዚያ ሌሊት በፊት ታውቁት ነበር ወይስ ኋላ ነው የተማራችሁት?» ብለው ጠየቁን።

በፊት እንደ ነበር ነገርናቸው። ምንም አላሉም፤ ስኒውን ብቻ ሞሉልን።

ማንደጃው ከዚያ ወዲህ የሚያድረው በረንዳው ላይ ነው። በበሩ ሥር የነበረውን ጆንያ እማማ ራሳቸው ወስደው የውሻው መኝታ አድርገውታል። ለብርዱ ሦስት ሆነን አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ በጋራ ገዝተናል፤ በየሌሊቱ የሚጎትተው ማን እንደ ሆነ ግን እስካሁን አልተስማማንበትም።

አሁን ጥያቄ ያለው ካለ ይጠይቅ። ስለ ማይቶኮንድሪያ የሚጠየቀውን ሁለታችን እንመልሳለን፤ ስለ ጉልበት መክዳት የሚጠየቀውን ግን ያ በባልዲው ላይ የወደቀው ጓደኛችን ይመልሳል።